በስተግራ ያለው በር

ሰውየውን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጋሽ ልኩ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ያንን የሚያውቀው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙን ያሰጠው እጁ ነው። በሠላሳ አራት ዓመት ሥራው አንድ ፎቶ አጣሞ ቆርጦ፣ አንድ ወረቀት ፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ረስቶ፣ አንድ ቁጥር አሳስቶ አያውቅም ይባላል። ሰው ለሰው ስም ሲያወጣ፣ ስሙ ተሸካሚው ጀርባ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ አያስብም። ልኩ የተባለ ሰው «ተሳስቻለሁ» ለማለት ከሌላው ሰው እጥፍ አቅም ያስፈልገዋል።

የሚሠራው የጦርነቱ ዘመን ፎቶዎች በሚቀመጡበት ማኅደር ምድር ቤት ነው። አሥራ ሁለት ደረጃ ይወረዳል፤ ከዚያ ተከታትለው የቆሙ ሁለት በሮች አሉ። የመጀመሪያው ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም፤ ብርሃን ሾልኮ እንዳይገባ ነው። ውስጡ አንድ ቀይ አምፖል፣ ሦስት የመድኃኒት ሳህኖች፣ መንጠባጠብ የማይተው ቧንቧና ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ አለ። ገመዱ ላይ እንደ ልብስ ተሰጥተው የሚደርቁት ምሽጎች ናቸው፤ የኮረብታ ምሽግ፣ የድልድይ ምሽግ፣ በአሸዋ ከረጢት የታጠረ፣ በድንጋይ የተገነባ፣ ግንቡ የተናደ፣ መድፉ አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ። ያነሳቸው የጦሩ ፎቶ አንሺ ከሞተ ቆይቷል፤ የቀረው በሳጥን የተደረደረ የመስታወት ነጌቲቭ ነው። ጋሽ ልኩ አንዳንዴ፣ «እኔም እኮ ምሽግ ውስጥ ነው ያረጀሁት፤ ልዩነቱ ጠላት አለመምጣቱ ነው» እያለ ይቀልዳል። ዘንድሮ ግን መጣበት፤ ያውም ከገዛ ቤቱ፣ በአማቱ በኩል።

አማቱ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የደንብ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ የወታደር ኮት ሲሰፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር ይኖራሉ። ሳሎን ውስጥ የሚቀመጡባት ወንበር ከአንድ ፎቶ ሥር ናት። ፎቶው የአንድ ምሽግ መግቢያ ያሳያል። መሐል ላይ ትልቁ በር አለ፤ ከእሱ በስተግራ ወደ ጥይት ማከማቻው ምድር ቤት የሚያስገባ ትንሽ በር፤ ከትንሹ በር ፊት ደግሞ ሳጥን የተሸከሙ አሥራ አንድ ሰዎች። ከግራ ሦስተኛው የአሮጊቷ አባት ነው። ፎቶው በተነሳ በጥቂት ሳምንት ምሽጉ ተደበደበ፣ የማከማቻው ጣሪያ ተደረመሰ፣ አሥራ አንዱም ከዚያ ወዲህ አልታዩም። እሳቸው ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ።

ይኸው ፎቶ የጋሽ ልኩ የትዳሩም መነሻ ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እኒህ ሴት የአባታቸውን ፎቶ ፍለጋ ማኅደሩ ድረስ መጡ፤ አንዲት ልጃገረድ አስከትለው። ደንቡ ማመልከቻ አስገብቶ ሦስት ቀን መጠበቅ ነው። ጋሽ ልኩ ግን ልጅቷን አየና፣ «ቁጭ በሉ፣ አሁኑኑ አትሜ አመጣለሁ» አለ። ልጅቷ ፈገግ አለች። እሱም ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።

የመስታወት ነጌቲቭ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ የሚያብለጨልጭ ባዶ መስታወት፣ ሌላው መድኃኒት የተቀባ ደብዛዛ። ደብዛዛው ፊት ከወረቀቱ ጋር ካልተገጣጠመ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ይታተማል። በቀይ ብርሃን ዓይን ስለሚታለል የሙያው ሰው የመስታወቱን ጠርዝ ከንፈሩን ያስነካዋል፤ ከንፈር ላይ የሚጣበቀው ደብዛዛው ፊት ነው። ጋሽ ልኩ ይህን ሳያደርግ አትሞ አያውቅም። የዚያን ቀን ብቻ ከንፈሩ ሌላ ነገር ያስብ ነበር።

ሁለት ፎቶ አተመ። አንዱን ለእናትየዋ ሰጠ፣ ሁለተኛውን ማኅደር ውስጥ አስቀመጠ። ትንሽ ደብዘዝ ማለቱን አይቷል፤ «ፎቶ አንሺው እጁ ተንቀጥቅጦ ነው» ብሎ አለፈው። የማን እጅ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ራሱ ያውቃል። በዓመቱ ሠርግ ሆነ። ነጌቲቩም እንዳይሰበር ተብሎ በጥጥ ተጠቅልሎ ከሳጥን ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ፎቶው በተፈለገ ቁጥር የሚቀዳው ከታተመው ወረቀት ነው።

ከሠርጉ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ የሟች ቤተሰቦች አቤት አሉና መንግሥት ምሽጉን ሊያስቆፍር ተነሳ። ግንቡ ጦርነቱ እንዳለቀ ተንዶ ሜዳ ሆኗል፤ የቀረው መሠረቱና የትልቁ በር ድንጋይ ነው። ከበሩ ግራና ቀኝ መንታ ምድር ቤቶች እንደነበሩ፣ አንዱ ጥይት አንዱ እህል ይቀመጥበት እንደነበር ይታወቃል፤ የቱ የቱ እንደሆነ የሚናገር ሰው ግን በሕይወት የለም። ቢሆንም ፎቶው ቁልጭ አድርጎ እያሳየ ሰው ምን ያደርጋል? በግራ ቆፈሩ። ያገኙት ባዶ ክፍል፣ የዛገ ቆርቆሮና የበሰበሰ ከረጢት ነው። በቀኝ በኩል ለጎብኚዎች የተሠራ ሻይ ቤት ቆሞበታል፤ «እህል ቤት ተቆፍሮ ምን ሊገኝ?» ተባለና ማንም አልነካውም። ኮሚቴውም ጻፈ፤ «አሥራ አንዱ ሰዎች ጣሪያው ከመደርመሱ በፊት ሥፍራቸውን ለቀው እንደሄዱ ይገመታል።»

እንግዲህ ያቺ ፎቶው የታተመባት ቀን ሟቾቹን ከዳተኛ አደረገቻቸው። አሮጊቷ ደብዳቤውን አጣጥፈው ከፎቶው ጀርባ ሸጎጡት። «አባቴ እግሬ አውጪኝ ያለ ሰው አይደለም» ይላሉ እስከ ዛሬ፤ የሚጠይቃቸው ሳይኖር። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ስፌት ቤት ውስጥ በአንድ መቀስ ተጣልተው፣ አንዷ ሠራተኛ «የኮብላይ ልጅ!» ብላቸዋለች። የመቀሱን ረስተውታል፤ ስድቡን ግን ትናንት እንደተሰደቡት ያወሩታል።

ዘንድሮ ማኅደሩ የምሽጎቹን ፎቶ በትልቁ አትሞ ኤግዚቢሽን ሊከፍት ተሰናዳ። አርባ ፎቶ ነው፤ አታሚው ጋሽ ልኩ፤ ከዚያ አራት ወር ቆይቶ ጡረታ። አማቱ፣ «የአባቴን ፊት ጎላ አድርገህ አምጣልኝ፤ ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ በደንብ ልየው» ብለውት ስለነበር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከደረት በላይ አጉልቶ ያተመውን ይዞላቸው ገባ። አሮጊቷ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን በጣታቸው ዳሰሱ። ጣታቸው ወደ ደረቱ ወርዶ ቆመ። ከዚያ ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ!» ብለው ልጃቸውን ተጣሩ። «አያትሽ የሴት ኮት ነው እንዴ የለበሰው?»

«ምን ማለትሽ ነው እማዬ?»

«አቆላለፉን እዪዋ! የወንድ ኮት የግራው ነው በቀኙ ላይ የሚደረበው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰፋሁትን ልሳት? ይሄ እንደ ሴት ነው የተቆለፈው። አጠገቡ ያለውም እንደዚያው። ወይ ጉድ፣ ያ ሁሉ ጦር በሴት ኮት ነው የተዋጋው?»

ሚስቱ ከት ብላ ሳቀች። «በጦርነት ጊዜ ደግሞ ማን ኮት ያማርጣል!»

ጋሽ ልኩ አልሳቀም። ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነስቶ ወጥ ቤት ገባና ብርጭቆውን ይዞ ሳይጠጣ ቆመ። እሁድን እንዴት እንደዋለ እሱ ነው የሚያውቀው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሳሎን ቢቀመጥ ፎቶው ፊት ለፊቱ ነው፤ መኝታ ቤት ቢገባ የአማቱ ሳል በግድግዳው ያልፋል። ውጭ ቢወጣ ደግሞ ጎረቤቱ «ጋሽ ልኩ!» ይለዋል።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱን በሮች ተራ በተራ ዘጋና ነጌቲቩን ከጥጡ ፈታ። ጠርዙን ከንፈሩን አስነካው፤ አልተጣበቀም። ገለበጠውና ደገመው፤ ተጣበቀ። ደብዛዛውን ፊት ወደ ታች አድርጎ ከሥሩ መብራት አበራ። ትንሹ በር ከትልቁ በር በስተቀኝ ነው። እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ሰው ጣሪያ ቢጫናቸው ጠላት ነው የጫነባቸው፤ ስማቸውን የቀበረው ግን እሱ ነው፤ ያውም ፈገግታ አይቶ።

እየፈራ ወደ ዳይሬክተሩ ወጣ። ዳይሬክተሩ በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል፣ ክፉ ያልሆነ ግን ፈሪ ሰው ነው። ሁሉንም አዳምጦ በሩን ዘጋ።

«ጋሽ ልኩ፣ የኤግዚቢሽኑ መጽሐፍ እኮ ታትሟል። ሽፋኑ ላይ ያለው ይኸው ፎቶ ነው። ያን ጊዜ ኮሚቴ የነበሩት ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ ያውቃሉ? ከእኔ በላይ ናቸው።»

«አሥራ አንዱ ደግሞ ከሥር ናቸው» ሊል ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው።

«ደግሞ የኮት ቁልፍ ማን ያያል?» አለ ዳይሬክተሩ።

«አማቴ አይተዋል።»

«እሳቸው እኮ ዓይናቸው ደክሟል ብለውኛል። ይልቅ ነገሩ ቢወጣ ማን አተመው ሊባል ነው? አራት ወር ነው የቀረዎት፤ በክብር ይውጡ። ሆድ ይፍጀው ይበሉ።»

ሆድ ይፍጀው ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ የሚፈጀው የሌላ ሰው ሆድ ነዋ። ጋሽ ልኩ አሥራ ሁለቱን ደረጃ ተመልሶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዘጠኝ ቀናት አንድ ቀን ናቸው ቢባል ይቀላል። በሩን ይዘጋል፣ ሁለተኛውን ይከፍታል፣ አምፖሉን ያበራል፣ ምሽግ ያትማል። ነጩ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁሩ ነው፤ የበሩ ጨለማ፣ የመተኮሻው ቀዳዳ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሰው ዓይን። ድሮ ይህን ማየት ያስደስተው ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ወታደር ከሳህኑ ሥር ቀና ብሎ የሚያየው እሱን መሰለው። ሲመሽ ቤቱ ይሄዳል፤ እዚያም ይጠብቁታል።

«ምን ሆነሃል? ምግቡ እኮ እያየኸው ቀዘቀዘ» ትለዋለች ሚስቱ።

«መድኃኒቱ ነው። ሽታው አልለቅ አለኝ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ያልሸተተህ ዛሬ ነው የሸተተህ?»

አማቱ ደግሞ ልጅ ሆነዋል። ለኤግዚቢሽኑ መክፈቻ የሚለብሱትን ቀሚስ አውጥተው ሁለቴ አስተኮሱት። «ሰው ሁሉ ፊቱን ይየው» ይላሉ። «ፊቱን ያየ ሰው ይፍረድ። እንዲህ ያለ ፊት ይኮበልላል?» ጋሽ ልኩ ይህን በሰማ ቁጥር ተነስቶ ወደ ውጭ ይወጣል።

ረቡዕ ዕለት ከጽሕፈት ክፍል ከፎቶዎቹ ሥር የሚለጠፉት ጽሑፎች ወረዱለት። አንድ በአንድ እየለካ ከካርቶን ላይ ሲያጣብቅ የዚያች ፎቶ ተራ ደረሰ። በትልልቅ ፊደል፣ «ሥፍራቸውን ለቀው የሄዱት አሥራ አንዱ» ይላል። አሮጊቷ ማንበብ ያውቃሉ፤ ስፌት ቤት ገብተው ነው የተማሩት። ቀሚሳቸውን አስተኩሰው፣ ተጊጠው፣ ሰው መሐል ቆመው ይህንን ሊያነቡ ነው። ጋሽ ልኩ ሙጫውን ከደነ። ሥራ ሳያልቅ ሲወጣ ያ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር።

ቤት ሲደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ፎቶውን ከሚስማሩ አወረደውና አማቱን፣ «እማማ፣ እስቲ ከእኔ ጋር ይምጡ» አላቸው። ክንዳቸውን ይዞ መኝታ ቤት አስገባቸው፤ ቁም ሣጥኑ ላይ ካለው መስታወት ፊት አቆማቸውና ፎቶውን ወደ መስታወቱ አዞረው። ሚስቱ እጇን በጨርቅ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች።

«መስታወቱ ውስጥ ምን ይታይዎታል?»

«አባቴ ነዋ።»

«ኮቱስ?»

አሮጊቷ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ። «ተስተካከለ! የወንድ ሆነ። ምን አድርገህ ነው?»

«ትንሹ በርስ እማማ? በየት በኩል ነው?»

ጣታቸውን መስታወቱ ውስጥ በሚታየው በር ላይ አሳረፉ። «በቀኝ» አሉ።

ሁሉንም ነገራቸው። የመስታወት ነጌቲቩን፣ ሁለቱን ፊት፣ ከንፈሩን፣ ዳይሬክተሩን፣ ዘጠኙን ቀን።

«በቀኝ በኩል አሁን ምን አለ?» አሉ አሮጊቷ፤ እያወቁ።

«ሻይ ቤቱ።»

«ቁፋሮው ያበቃ ቀን ሻይ ጋብዘኸኛል።»

«አዎ እማማ።»

«ሁለት ብርጭቆ ነው የጠጣሁት። ‹አባዬ፣ ጥለኸን ወዴት ሄድክ?› እያልኩ ያለቀስኩት እላዩ ላይ ቁጭ ብዬ ነዋ!» ፎቶውን ከእጁ ነጠቁና ደረቱን መቱበት። ደገሙት። እሱ አልሸሸም። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አባቴን በልቤ ስጠረጥረው ኖርኩ! ለሰው አይኮበልልም እላለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን ጠርጥሬው ነበር። ምነው? ከንፈርህን ማስነካት ምን ይከብዳል?»

ጋሽ ልኩ ሚስቱን አየ። አሮጊቷም ዓይኑን ተከትለው ዞሩ። «አንቺ ነሽ ለካ!» አሉ። ሚስቱ መሳቅና ማልቀስ እኩል መጣባትና ጨርቁን አፏ ላይ ያዘች። አሮጊቷ ግን ፎቶውን ታቅፈው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ከግድግዳው ላይ ባዶ ሚስማር ቀረ።

በማግስቱ ጋሽ ልኩ ደብዳቤ ጻፈ። መዝገብ ቤቱ ብቻ በሚያውቀው ስሙ ፈረመበት። በትክክል ያተመውን አዲስ ፎቶ አያያዘ፣ የነጌቲቩን ቁጥር ጻፈ፤ ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ሳይሆን በቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ወስዶ አስመዘገበው። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንደ ሰው ሆድ አይደለም፤ ዝም በል ቢሉት አይሰማም። ዳይሬክተሩ ሲሰማ መጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ ተቀመጠ፣ በመጨረሻ የጨለማ ክፍሉን ቁልፍ እንዲያስረክብ አዘዘው። ያቺን ፎቶ ከነጽሑፏ ከኤግዚቢሽኑ አወጧት። ስለ ሻይ ቤቱ ወለል ኮሚቴ ይሰየማል ተባለ። መቼ ተሰይሞ መቼ እንደሚቆፈር ፈጣሪ ይወቀው። ጋሽ ልኩ አሥራ ሁለቱን ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወጣ ማንም በቅጽል ስሙ አልጠራውም። ቀለለው ብል እዋሻለሁ፤ ራቁቱን የወጣ ያህል ነው የተሰማው።

የመክፈቻው ቀን ጠዋት አሮጊቷ የተተኮሰውን ቀሚስ ለብሰው ከዘራቸውን ይዘው ከክፍላቸው ወጡ። ሁለት ቀን ሙሉ አላናገሩትም ነበር።

«ኤግዚቢሽኑ ይቅርብኝ» አሉት። «ሻይ ቤቱ ውሰደኝ።»

ሻይ ቤቱ እንደድሮው ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ከሥር የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ። አስተናጋጇ፣ «ምን ልታዘዝ እማማ?» ብላ መጣች። «እዚህ ምንም አልቀምስም የኔ ልጅ» ብለው አሰናበቷት። ጋሽ ልኩ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ መቀመጥ ይገባው አይገባው አላወቀም።

አሮጊቷ በከዘራቸው አጠገባቸው ያለውን ወንበር አሳዩት። «ተቀመጥ። ለቅሶ ቤት ቆሞ የሚያይ ሰው አልወድም።»

ተቀመጠ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ሲሚንቶውን በከዘራቸው ሦስት ጊዜ መቱት፤ ደጅ እንደሚያንኳኳ እንግዳ፣ ቀስ ብለው።

«አባዬ» አሉ። «በር ተሳስተን ነው የቆየነው።»